«አራፍ» ይላል መንገዱ፤ ዌልስ ወዴት እየሄደች ነው?

ዌልስ ውስጥ መኪና የነዳ ሰው አንድ ቃል አይረሳም። ኩርባ ሲቃረብ፣ ትምህርት ቤት በር አጠገብ፣ ቁልቁለት ሲጀምር፣ አስፋልቱ ላይ በትልልቅ ነጭ ፊደል «አራፍ» ተብሎ ተጽፏል። አጠገቡ የእንግሊዝኛው «ስሎው» አለ። ለአማርኛ ተናጋሪ ነገሩ ፈገግ ያሰኛል። መንገዱ ራሱ «ኧረ አረፍ በል» የሚል ይመስላል። ትርጉሙም ብዙ አይርቅም፤ «ቀስ» ማለት ነው።

ከብሪታንያ አራት አገሮች አንዷ የሆነችው ዌልስ ከለንደን ነፃ ትውጣ የሚለው ክርክርም አካሄዱ እንደዚሁ ነው። ስኮትላንድ በ2014 ሪፈረንደም አድርጋ ዓለም ሁሉ ሲያያት ከረመ። ሰሜን አየርላንድ ከዜና ጠፍታ አታውቅም። ዌልስ ግን 3.1 ሚሊዮን ገደማ ሕዝቧን፣ ከአዲስ አበባ ያነሰ ማለት ነው፣ ይዛ ጥጓ ላይ ተቀምጣለች። ድምጿ ስለማይሰማ ጥያቄ የሌላት ይመስላል። አላት። (በነገራችን ላይ ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

መጀመሪያ ስለ ቃሉ። ይህን ጉዳይ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ሁለት ቃል መካከል ይቸገራል። «መገንጠል» ካለ ተቃዋሚ መሰለ። «ነፃነት» ካለ ደጋፊ ሆነ። ለእኛ ደግሞ «መገንጠል» ብዙ ጉድ የተሸከመ ቃል ነው፤ አንቀጽ 39 ሳይታወሰን አናልፈውም። ዌልሶች በራሳቸው ቋንቋ የሚሉት ቃል ሲፈታ «ጥገኛ አለመሆን» ነው። ቁጣም ፉከራም የሌለበት ቃል ነው። እኔ እንደ አመቺነቱ ሁሉንም እጠቀማለሁ።

«ዌልስ» የሚለው ስም ራሱ የነሱ አይደለም። የጥንት እንግሊዞች «ባዕድ» ይሉበት ከነበረው ቃል የመጣ ነው። በገዛ ምድራቸው ባዕድ ተባሉ። እነሱ አገራቸውን «ከምሪ» ይሏታል፤ መነሻው «የአገሬ ልጆች» ከማለት ነው። በስም የተነሳ ስንት ጠብ እንደሚመጣ ለሚያውቅ አንባቢ ይህን ማብራራት አያስፈልግም።

የድሮውን ታሪክ ቶሎ ልለፈው። በ1282 የመጨረሻው ራሱን የቻለ የዌልስ መስፍን ሉዌሊን ተገደለ፤ የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ አገሩን ያዘ። በ1400 ኦዋይን ግሊንዱር የተባለ ባላባት አመፀ። ለጥቂት ዓመታት ቀናውና ማካንሌት በምትባል ከተማ ፓርላማ ሰበሰበ። ከዚያ ተሸነፈና ተሰወረ፤ የት እንደተቀበረ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። በ1536 የወጣው ሕግ ደግሞ ዌልስን ከነጭራሹ ከእንግሊዝ ጋር ቀላቀላት። የፍርድ ቤት ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆነ። ዌልሽ ብቻ የሚናገር ሹመት ተከለከለ። የብሪታንያን ባንዲራ ልብ ብላችሁ እዩት። የእንግሊዝ መስቀል አለ፤ የስኮትላንድና የአየርላንድም አለ። የዌልስ ቀይ ዘንዶ የለም። ባንዲራው ሲሠራ ዌልስን ለብቻዋ የቆጠራት ሰው አልነበረም።

ይህ የመጽሐፍ ታሪክ ነው። የዛሬውን ዌልሳዊ አንጀት የሚያቃጥለው ግን አያቱ በዓይኑ ያየው ነገር ነው።

በሰሜን ዌልስ ትሪወሪን በሚባል ሸለቆ ውስጥ ካፔል ኬሊን የምትባል ትንሽ መንደር ነበረች። አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ፖስታ ቤት፣ አንድ ጸሎት ቤት ከነመቃብሩ፣ ዐሥራ ሁለት ያህል ቤትና እርሻ። ነዋሪዎቿ 67 ሰዎች ነበሩ፤ ኑሯቸውም ጸሎታቸውም በዌልሽ። በ1950ዎቹ የእንግሊዟ ከተማ ሊቨርፑል ውሃ ፈለገች። ሸለቆው ይገደብ፣ መንደሯም ትዋጥ ተባለ። በተለመደው መንገድ ቢሄድ የዌልስን የአካባቢ ምክር ቤቶች ማስፈቀድ ሊያስፈልግ ነው። ሊቨርፑል ይህን ጣጣ ዘለለችው። በቀጥታ ለንደን ፓርላማ ሄዳ ሕግ አስወጣች።

ዘመኑ 1957 ነው። ዌልስ በፓርላማው 36 ተወካይ ነበራት። 35ቱ ተቃወሙ፤ የቀረው አንዱም ድምፁን አልሰጠም። ሕጉ አለፈ። አንድም የአገሩ ተወካይ ሳይደግፈው የአገሩ መንደር ውሃ ገባ ማለት ነው። 48 ሰው ቤቱን አጣ። ዘመዶቹን ከመቃብር አስወጥቶ ሌላ ቦታ ያሳረፈ አለ፤ የቀሩት እዚያው ከውሃው ሥር ናቸው። በ1965 ግድቡ ተመረቀ። እስከ ዛሬ ዝናብ በጠፋበት በጋ ውሃው ሲሸሽ የድሮ ግንብ ፍርስራሽ ብቅ ይላል። ሊቨርፑል ይቅርታ የጠየቀችው በ2005 ነው።

ከአበሪስትዊዝ ወደ ደቡብ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ደግሞ አንድ የፈረሰ ቤት ግድግዳ አለ። በ1960ዎቹ አንድ ሰው በቀለም «ትሪወሪንን አስታውሱ» ብሎ ጻፈበት። ለአሥርት ዓመታት መንገደኛ ሲያየው ኖረ። በ2019 አንዱ መጣና በላዩ «ኤልቪስ» ብሎ ለቀለቀበት። አዎ፣ ዘፋኙን። ወር ሁለት ወር ሳይሞላ ደግሞ ሌላው ግድግዳውን ገፍቶ ጣለው። ሰዎች ተሰብስበው መልሰው ካቡት። ከዚያ በኋላ ያ ጽሑፍ በመላ ዌልስ ፈላ። በረት ላይ፣ ጋራዥ ላይ፣ የእርሻ አጥር ላይ፣ ቲሸርት ላይ። ካፔል ኬሊን ስትሰጥም ያልተወለዱ ልጆች ናቸው የጻፉት። አንድ ግድግዳ ያፈረሰ ሰው መቶ ግድግዳ አስገነባ።

ግድቡ በተመረቀ በዓመቱ የባሰ መጣ። አበርቫን የምትባል የከሰል ማዕድን መንደር ናት፤ በደቡብ። ከመንደሯ በላይ ያለው ተራራ ላይ ከማዕድኑ የወጣ ጥቁር አፈር ይከመር ነበር። ክምሩ ከምንጭ ውሃ ላይ ነበር የተቀመጠው። ኦክቶበር 21 ቀን 1966 ጠዋት፣ ልጆች ክፍል እንደገቡ፣ ክምሩ ተንዶ ትምህርት ቤቱ ላይ ወረደ። 144 ሰው ሞተ። 116ቱ ልጆች ነበሩ። ጥፋቱ የመንግሥቱ የከሰል ድርጅት መሆኑን አጣሪ ጉባኤ አረጋገጠ። ከመላው ዓለም ለሐዘንተኞቹ ገንዘብ ተዋጣ። ከዚያ በላይ የቀሩት ክምሮች ይነሱ ሲባል፣ መንግሥት ከዚሁ የሐዘን መዋጮ ላይ 150 ሺህ ፓውንድ ወሰደ። ልጃቸውን የገደለውን አፈር ማስነሻ ከልጃቸው የለቅሶ ገንዘብ ተቆረጠ። የተመለሰው በ1997 ነው፤ ያውም ያለ ወለድ። በ2007 የዌልስ መንግሥት በራሱ ተነሳስቶ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ጨመረበት።

እነዚህን ሁለት ታሪኮች ያረዘምኩት በምክንያት ነው። ለዌልስ ነፃነት ከማንም በላይ የሠራው ነፃነት ፈላጊው ፓርቲ አይመስለኝም። ለንደን ናት የሠራችለት። ፓርቲው፣ ፕላይድ ከምሪ፣ በ1925 ነው የተመሠረተው። አርባ ዓመት ሙሉ ለንደን ፓርላማ አንድ ወንበር አላገኘም። የመጀመሪያውን ያገኘው በጁላይ 1966 በግዊንቮር ኤቫንስ አማካይነት ነው። የትሪወሪን ውሃ ገና አልረጋም ነበር።

ቢሆንም ዌልሶች ቶሎ የሚነዱ አይደሉም። በ1979 የራሳችሁ ምክር ቤት ትፈልጋላችሁ ወይ ተብለው ተጠየቁ። ቀኑ ማርች 1 ነበር፤ የጠባቂያቸው የቅዱስ ዴቪድ በዓል። አራት ለአንድ በሚባል ልዩነት «አንፈልግም» አሉ። ከዚያ ማርጋሬት ታቸር መጡ። የከሰል ማዕድኖቹ ተዘጉ፤ የ1984ቱ የማዕድን ሠራተኞች አድማ ተሰበረ። ዌልስ ለሌበር (ለሠራተኞች ፓርቲ) ድምፅ ስትሰጥ የታቸር ወግ አጥባቂዎች ይገዟታል፤ ይህ 18 ዓመት ቀጠለ።

በ1997 እንደገና ተጠየቁ። ያን ሌሊት ቆጠራው ሲሄድ ሲሄድ «አይሆንም» የሚሉት እየመሩ ነበር። የደከመው ሰው ቴሌቪዥኑን ዘግቶ ተኛ። ሊነጋጋ ሲል የመጨረሻዋ አውራጃ ካርማርዘንሻየር ውጤቷን አመጣች። ነገሩ ተገለበጠ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ድምፅ ውስጥ ልዩነቱ 6,721 ነበር። የአንድ ትልቅ ቀበሌ ሰው እንኳ አይሞላም። የዛሬው የዌልስ ፓርላማ ሴኔድ በዚያች ስንጥቅ ነው ሾልኮ የገባው።

ያኔ የዌልስ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ሮን ዴቪስ ሥልጣን ማካፈል የአንድ ቀን ድግስ ሳይሆን ጉዞ ነው የሚል አነጋገር ነበራቸው። ልክ ነበሩ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ፤ በ2011 በሌላ ሪፈረንደም 63.5 በመቶው ምክር ቤቱ ራሱ ሕግ ያውጣ አለ። በ2020 ስሙ ፓርላማ ሆነ። ከ2026ቱ ምርጫ ጀምሮ ወንበሩ ከ60 ወደ 96 እንዲያድግ ተወሰነ። ጤና፣ ትምህርት፣ ግብርና፣ መንገድ በዌልስ ዋና ከተማ በካርዲፍ እጅ ነው። ፖሊስ፣ ፍርድ ቤት፣ መከላከያ፣ ኢሚግሬሽን፣ አብዛኛው ግብር በለንደን እጅ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ክርክሩ ሞቅ የሚለው እዚህ ነው።

ዌልስ የምታገኘው በጀት የሚሰላው ባርኔት በሚባል ቀመር ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ለጊዜው ተብሎ የወጣ ነው፤ ጊዜያዊ የተባለ ነገር እንደማያልቅ ይታወቃል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ለንደን ለእንግሊዝ ጤና ወይም ትምህርት ገንዘብ ስትጨምር፣ ለዌልስም እንደ ሕዝቧ ብዛት ይጨመርላታል። የእንግሊዝ ብቻ ከተባለ ወጪ ዌልስ ድርሻ ታገኛለች። «የእንግሊዝና የዌልስ የጋራ» ከተባለ ግን ምንም አታገኝም፤ እንደተጠቀመች ነው የሚቆጠረው።

ታዲያ ኤች ኤስ 2 የሚባለው ፈጣን ባቡር መጣ። ከለንደን በርሚንግሃም የሚሄድ፣ በአሥር ቢሊዮኖች ፓውንድ የሚቆጠር ወጪ ያለው። ሐዲዱ አንድ ሜትር እንኳ ዌልስን አይረግጥም። በመዝገብ ላይ ግን «የእንግሊዝና የዌልስ» ተብሎ ተመዘገበ። ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ ድርሻቸውን ሲያገኙ ዌልስ ዜሮ። ፕላይድ ከ4 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ይገባናል ይላል። የሌሎች ስሌት ከዚህ ያነሰ ነው። በ2021 የለንደን ፓርላማ የዌልስ ጉዳይ ኮሚቴ ራሱ ምዝገባው ይስተካከል ብሎ ነበር። አልተስተካከለም። በ2025 ለዌልስ ባቡር 445 ሚሊዮን ፓውንድ ተመደበ፤ ለአሥር ዓመት። ለአንዳንዱ ምሥራች፣ ለአንዳንዱ የጥርስ መፋቂያ።

የባሕሩም ነገር አለ። በብሪታንያ ዙሪያ የባሕር ወለል የሚተዳደረው «ክራውን ኢስቴት» በሚባል የዘውዱ ርስት ነው። ባሕር ላይ የንፋስ ኃይል ማመንጫ የሚተክል ኩባንያ ኪራይ ይከፍላል፤ ገንዘቡ ብዙ ነው። ስኮትላንድ በ2017 የራሷን ድርሻ ተረክባለች። ዌልስ አልተሰጣትም። 22ቱም የዌልስ የአካባቢ ምክር ቤቶች ይሰጠን ብለዋል። ለስኮትላንድ የተቻለው ለዌልስ ለምን እንዳልተቻለ እስካሁን አሳማኝ መልስ አላነበብኩም።

ፖርት ታልበትም አለች። የብረት ከተማ ናት። ታታ የተባለው የሕንድ ኩባንያ የመጨረሻዋን የብረት ማቅለጫ እቶን በሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 አጠፋ። ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ሥራ ከከተማዋ ሄደ። ሰባት ወር ሳይሞላ በእንግሊዝ የስከንቶርፕ ብረት ፋብሪካ ሊዘጋ ሲል፣ ፓርላማው ቅዳሜ ቀን ተጠርቶ በአንድ ቀን ሕግ ወጣ፤ እቶኑ ተረፈ። ጉዳዮቹ አንድ ዓይነት እንዳልሆኑ መንግሥት አስረድቷል። የፖርት ታልበት ሰው ግን የቅዳሜዋን ስብሰባ ነው የያዘው።

እዚህ ድረስ ያነበበ ሰው «ታዲያ ለምን አይሄዱም?» ሊል ይችላል። የሒሳብ ደብተሩ ነዋ።

ከዌልስ የሚሰበሰበው ግብር ለዌልስ ከሚወጣው ያንሳል። ከኮቪድ በፊት እንኳ ክፍተቱ በዓመት ከ13 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር። ለሦስት ሚሊዮን ሕዝብ ይህ ትልቅ ጉድጓድ ነው። ምክንያቱ አያስቸግርም። ከሰሉ አልቋል፤ ደመወዙ ዝቅተኛ ነው፤ ሽማግሌው ብዙ፣ ሀብታሙ ጥቂት። ተቃዋሚዎች ይህን ቁጥር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ዝም ይላሉ።

ፕላይድ ደግሞ በ2022 የደብሊኑን ምሁር ጆን ዶይልን አስጠና። የሳቸው ስሌት 2.6 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ሆነ። ከ13 ወደ 2.6፤ እንዴት? አስማት የለበትም። ከትልቁ ቁጥር ውስጥ ነፃዋ ዌልስ ላትከፍላቸው ትችላለች ያሏቸውን አወጡ። አንደኛ ጡረታ። ዌልሳዊው አረጋዊ ዕድሜውን ሙሉ ለለንደን ስለከፈለ ጡረታውን ለንደን ትክፈል ነው ነገሩ። ሁለተኛ የብሪታንያ ዕዳ። ሦስተኛ መከላከያ፤ ኑክሌር መርከብ የማትፈልግ ትንሽ አገር ያን ያህል አታወጣም።

የኔ አስተያየት? ሁለቱም ቁጥሮች የሚነግሩን ስለ ዛሬ እንጂ ስለ ነፃዋ ዌልስ አይደለም። ትልቁ ክፍተት ዌልስ በብሪታንያ ውስጥ ምን እንደሆነች ነው የሚያሳየው። ትንሹ ደግሞ ድርድሩ ሁሉ በዌልስ ምኞት እንዲያልቅ ታስቦ ነው። ንብረት ክፍፍል ላይ የተቀመጠ ሰው «ዕዳውን አንቺ፣ ጡረታዬንም አንቺ» ብሎ ሁሉን እንደማያገኝ ማንም የተፋታ ሰው ይነግራችኋል። እውነቱ በመካከል የሆነ ቦታ ቢሆን እንኳ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀበቶ ማጥበቂያ ናቸው። ይህን በግልጽ የሚናገር ነፃነት ፈላጊ ፖለቲከኛ ብዙ አይገኝም። በሌላ በኩል ደጋፊዎቹ አንድ ጥያቄ አላቸው፣ እሱም ቀላል አይደለም፦ ከለንደን ጋር ይህን ሁሉ ዘመን ኖረን አገሪቱ ይህን ያህል ከደኸየች፣ አብሮ መኖሩ የቱ ላይ ነው የጠቀመን?

ከሒሳቡ ቀጥሎ ካርታው አለ። እሱ ደግሞ ከሒሳቡ የከፋ ነው።

ከሰሜን ዌልስ፣ በሉ ከሆሊሄድ፣ ወደ ዋና ከተማዋ ካርዲፍ በባቡር ልሂድ ብትሉ ባቡሩ እንግሊዝ ይገባል። ቼስተርን አልፎ፣ ሽሩስበሪ፣ ሄርፎርድ ደርሶ እንደገና ዌልስ ይመለሳል። ወደ ገዛ ዋና ከተማችሁ ለመድረስ ከአገር መውጣት ነው። ሐዲዱ የተዘረጋው ከሰልና ስሌት የሚባለውን የጣሪያ ድንጋይ ወደ ወደብና ወደ እንግሊዝ እንዲያወጣ ነው፤ ዌልሳዊን ከዌልሳዊ እንዲያገናኝ አይደለም። ካርዲፍ ራሷ ዋና ከተማ የተባለችው በ1955 ነው። ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ከእንግሊዝ ድንበር በ40 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ይኖራል። ከአምስት ነዋሪ አንዱ እንግሊዝ ነው የተወለደው። ፖዊስ የሚባለው ሰፊ አውራጃ ትልቅ ሆስፒታል ስለሌለው የከፋ በሽታ የያዘው ሰው ድንበር ተሻግሮ ይታከማል። ነፃዋ ዌልስ የአውሮፓ ኅብረት ብትገባ እዚያ ድንበር ላይ የጉምሩክ ኬላ ሊቆም ነው። ጠዋት ሥራ፣ ከሰዓት ሐኪም፣ ማታ አማት ቤት ብሎ ድንበሩን በቀን ሦስት ጊዜ ለሚሻገር ሰው ኬላ የሚለው ቃል ብቻ ይበቃዋል።

ቋንቋውም በሁለት በኩል የተሳለ ቢላ ነው። በ2021ዱ ቆጠራ ዌልሽ እናገራለሁ ያለው 17.8 በመቶ ነው፤ 538 ሺህ ሰው ገደማ። ቋንቋው ለመትረፉ ትግል ተደርጓል። ግዊንቮር ኤቫንስ በ1980 የዌልሽ ቴሌቪዥን ካልተፈቀደ እስከ ሞት እጾማለሁ ብለው ታቸርን እጅ አሰጥተዋል፤ ጣቢያው በ1982 ሥራ ጀመረ። ለፕላይድ ቋንቋው ልቡ ነው። ነገር ግን ለብዙ ዘመን ያው ቋንቋ አጥርም ሆኖበት ኖሯል። በደቡብ ምሥራቅ የሚኖረው እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሠራተኛ ልጅ «ይሄ የዌልሽ ተናጋሪዎች ፓርቲ ነው» ብሎ ያልፈው ነበር።

ነበር ያልኩት በምክንያት ነው። ኬርፊሊ ያው ሰውዬ የሚኖርባት ሸለቆ ናት። ሌበር መቶ ዓመት የያዛት ቦታ። በኦክቶበር 2025 ለሴኔድ ማሟያ ምርጫ ተደረገ። ፕላይድ 47 በመቶ አገኘ። የናይጄል ፋራጅ ቀኝ ዘመም ፓርቲ ሪፎርም 36 በመቶ ይዞ ሁለተኛ ወጣ። ሌበር 11 በመቶ። በዌልስ ከ1922 ጀምሮ በየጠቅላላ ምርጫው ያሸነፈ፣ ሴኔድንም ከ1999 እስከ 2021 በተደረገው ምርጫ ሁሉ የመራ ፓርቲ በገዛ ሰፈሩ 11 በመቶ።

ይህ ግን የነፃነት ድምፅ አልነበረም። ብዙው ሰው ሪፎርምን ለማስቆም፣ ሌበርን ለመቅጣት ነው የመረጠው። ፕላይድም ይህን ያውቀዋል። በ2021 በአዳም ፕራይስ መሪነት «ካሸነፍን በአምስት ዓመት ውስጥ ሪፈረንደም» ብሎ ወጥቶ 13 ወንበር ይዞ ተመለሰ። ከሳቸው በኋላ የመጡት ሪን አፕ ዮርወርዝ ደግሞ ከ2026ቱ ምርጫ በፊት በመጀመሪያው የሥልጣን ዘመን ሪፈረንደም የለም አሉ። ግቡ አልተቀየረም፤ ፍጥነቱ ነው የተቀየረው። አራፍ።

የአስተያየት ጥናቶቹም ይህንኑ ነው የሚሉት። እንደ ጥያቄው አቀራረብ ከአራት አንድ እስከ ከሦስት አንድ ሰው ነፃነትን ይደግፋል። ያልወሰኑት ሲወጡ አንዳንዴ 40 በመቶ ይጠጋል። ወጣቶች ዘንድ ከፍ ይላል። ብሬግዚት ላይ ዌልስ 52.5 በመቶ እንውጣ ብላ ነበር። ስለዚህ ስኮትላንዶች «ሳንፈልግ ከአውሮፓ አወጡን» የሚሉትን ዌልስ ማለት አትችልም። ጉዳዩን ወደ እያንዳንዱ ቤት ያስገባው ኮቪድ ነው። ያኔ የዌልስ መንግሥት መሪ የነበሩት ማርክ ድሬክፎርድ፣ ዝግ ያሉት ፕሮፌሰር፣ በ2020 ከእንግሊዝ ወረርሽኝ የጠናባቸው ቦታዎች ሰው እንዳይመጣ ሲከለክሉ ብዙ ሰው ለካ የራሳችን መንግሥት አለን አለ። የስ ከምሪ የተባለው የነፃነት ማኅበር አባላቱ ከጥቂት ሺህ ተነስተው ከ15 ሺህ አለፉ። ከዚያ፣ እንደ ማኅበር ወጉ፣ እርስ በርስ ተጣሉና ቀዘቀዘ።

ካርዲፍ ያላትን ሥልጣን በደንብ ሠርታበታለች ወይ ብትሉ መልሱ አያኮራም። የሐኪም ወረፋው ከእንግሊዝ ይረዝማል። የትምህርት ውጤቱም ዝቅ ያለ ነው። በ2023 በመኖሪያ ሰፈር መንገዶች ፍጥነት ወደ 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ዝቅ ሲል በሴኔድ ታሪክ ትልቁ የተቃውሞ ፊርማ ተሰበሰበ፤ ከ460 ሺህ በላይ። «አራፍ»ን መንገድ ላይ መጻፍ ሌላ፣ በሕግ ማስገደድ ሌላ። ሪፎርምና ሴኔዱ ይዘጋ የሚሉት ወገኖች ይህን ቁጣ ነው የሚመነዝሩት።

እሺ፣ አንድ ቀን ዌልሶች «ይብቃን» ቢሉ በምን መንገድ ይወጣሉ? የሚገርመው እዚህ ነው። በእኛ አገር ሕገ መንግሥት የመውጫው በር ቁልጭ ብሎ ተጽፏል፤ ክርክሩ መጻፉ ላይ ነው። በብሪታንያ አንድ ወጥ የተጻፈ ሕገ መንግሥትም የለም፤ የዌልስ በርም የለም። ከአራቱ አገሮች መውጫ በሕግ የተቀመጠላት ሰሜን አየርላንድ ብቻ ናት፤ እሱም በ1998ቱ የሰላም ስምምነት። በኖቬምበር 2022 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የስኮትላንድ ፓርላማ ያለ ለንደን ፈቃድ ሪፈረንደም መጥራት አይችልም ብሎ ወሰነ። ለስኮትላንድ ያልሆነ ለዌልስ አይሆንም።

ስለዚህ ካርዲፍ ሌላ ነገር ሞከረች። የካርዲፍ የሌበር መንግሥት የዌልስን የወደፊት አስተዳደር የሚያጠና ኮሚሽን አቋቋመ። ሰብሳቢዎቹ የቀድሞው የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ሮዋን ዊሊያምስና ፕሮፌሰር ሎራ ማካሊስተር ነበሩ። በጃንዋሪ 2024 ሪፖርታቸውን አወጡ። ያለውን ሥልጣን ማጠናከር ይቻላል፤ ፌዴራሊዝም ይቻላል፤ ነፃነትም ይቻላል፣ ግን መጀመሪያ ላይ ኢኮኖሚው ያማል። የማያዛልቀው ዛሬ ያለው አሠራር ነው አሉ። የነፃነት ሰዎች ይህን ሲያነቡ «ይቻላል» የምትለዋን ያሰምሩባታል። ሌላው «ያማል» የምትለዋን። እኔ ያሰመርኩት የመጨረሻዋን ነው። ምክንያቱም በተግባር ሌላውን ሁሉ ትተው ዛሬ ያለውን አሠራር ነው የቀጠሉት።

አሁን ካርዲፍ፣ ስዋንሲና ኒውፖርት ስለሚኖሩት የእኛ ሰዎች። ብሪታንያ ከ2000 ገደማ ጀምሮ ጥገኝነት ጠያቂዎችን ከለንደን ውጭ ስትበትን እነዚህ ከተሞች ከመድረሻዎቹ ነበሩ። ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በዚያ መንገድ የገቡባቸው ናቸው። ጉዳያቸውን የሚወስነው ለንደን ያለው የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው፤ ልጃቸውን የሚያስተምረውና የሚያሳክመው የካርዲፍ መንግሥት። በ2020 ደግሞ ሴኔዱ አንድ ሕግ አወጣ። ከ16 ዓመት ጀምሮ ድምፅ መስጠት ተፈቀደ፤ በሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ ላለ የውጭ ዜጋም እንዲሁ። ስለዚህ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘች፣ ካርዲፍ የምትኖር አንዲት እናት የለንደንን ፓርላማ መምረጥ አትችልም። ሴኔዱን ትመርጣለች። የነፃነት ሪፈረንደም ቢመጣ መራጩ ማን እንደሚሆን ገና አልተወሰነም።

ልጇ ድምፅ እስኪሰጥ ድረስ ትምህርት ቤት ዌልሽ ይማራል። እስከ 16 ዓመት ግዴታ ነው፤ ከሶማሊያ መጣ ከሐዋሳ ልዩነት የለውም። አብረው በመኪና ሲሄዱ እናት አስፋልቱን አይታ «አራፍ» ብላ ብታነብ የሚያርማት እሱ ነው። ዌልሽ ውስጥ ያቺ የመጨረሻዋ ፊደል እንደ «ቭ» ነው የምትነበበው። «አራቭ ነው እማ፣ አራቭ።»